የራምሴስን ድንጋዮች ተከትዬ፦ ከካይሮ እስከ አቡ ሲምቤል

ግብፅ ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ፒራሚዱ ነው። እኔ ግን የሄድኩት ለዳግማዊ ራምሴስ ብዬ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1279 እስከ 1213፣ 66 ዓመት ሙሉ የገዛ ፈርዖን ነው። እሱ ዙፋን ላይ ሲወጣ የጊዛ ፒራሚዶች ራሳቸው ከ1,200 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ጥንታዊ ነገሮች ነበሩ። ከዴልታው ተነስቶ እስከ ዛሬዋ ሱዳን ድረስ የሱ ስም ያልተቀረጸበት ትልቅ የጥንት ስፍራ ማግኘት ይከብዳል።

ይሄ ሁሉ ድንጋይ ለምን? «ንጉሥ ስለሆነ፣ ስለቻለም» የሚለው መልስ አልዋጥ ብሎኝ ቆይቷል። ስለዚህ ከሰሜን ጀምሬ ወንዙን ሽቅብ እየተከተልኩ ወደ ደቡብ ለመጓዝ ወሰንኩ። እያንዳንዱ ሐውልት ፊት ስቆም የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበረኝ፦ ይሄ የተተከለው ማን እንዲያየው ነው?

ቅዳሜ፣ ካይሮ

ከሆቴል በቀጥታ ወደ ታላቁ የግብፅ ሙዚየም ሄድኩ። ገና ስትገቡ አዳራሹ መሀል እሱ ቆሟል። ቁመቱ 11 ሜትር፣ ክብደቱ 83 ቶን፣ ቀይ ግራናይት። ግራ እግሩን አስቀድሞ ሊራመድ የተነሳ ነው የሚመስለው።

ይህ ሐውልት የካይሮ ሰዎች የቆየ ጎረቤት ነበር። ከ1955 እስከ 2006 (የቅርብ ዘመን ዓመቶችን የምጽፈው ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ዋናው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ላይ ቆሟል። የመኪናው ጭስና የባቡሩ ንዝረት እየጎዳው ሲመጣ ነው ወደ ጊዛ የወሰዱት። አሁን ያለበት አዳራሽ የገባው ደግሞ በ2018 ነው። ሥሩ ቆሜ ወደ ላይ ሳይ አንገቴ እስኪያመኝ ድረስ ፊቱ አይገኝም። ይሄ ያጋጣሚ ጉዳይ አይደለም፤ ቀራጮቹ ተመልካቹ የት እንደሚቆም አውቀው ነው የሠሩት።

ከሰዓት በኋላ ፉስጣጥ ወዳለው የሥልጣኔ ሙዚየም አመራሁ። እዚያ ያለው ራሱ ሰውየው ነው። በ1881 ሉክሶር አጠገብ ዴር ኤል ባህሪ በተባለው ስፍራ፣ ካህናት ከመቃብር ዘራፊ ሊያድኗቸው ከደበቋቸው ሌሎች ነገሥታት ጋር ተከማችቶ የተገኘ አስከሬን። በ2021 ከታህሪር ሙዚየም ወደዚህ ሲዛወሩ 22 ነገሥታትና ንግሥታት በየተሽከርካሪያቸው በከተማው መሀል አልፈው 21 ጊዜ መድፍ ተተኮሰላቸው።

ፊቱን ሳይ ዝም አልኩ። ቀጭን ሽማግሌ ነው። አፍንጫው ጎበጥ ያለ፣ ፀጉሩ ወደ ቀይ ያደላ። ሲሞት ዕድሜው ወደ 90 ይጠጋ ነበር፤ ጥርሱ ተበላሽቶ፣ መገጣጠሚያው ታሞ። የብዙ ልጆቹን ሞት አይቷል፤ ዙፋኑን የወረሰው መርኔፕታህ 13ኛው ወንድ ልጁ ነበር፤ በፊቱ ያሉት 12ቱ አባታቸውን ቀድመው አልፈዋል። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ ደስ ብሎኛል። ሰው ነው፤ መቃብሩ ተዘርፎ ሜዳ የቀረ ሰው።

እሁድ፣ ሚት ራሂና

ሚት ራሂና የጥንቷ የግብፅ ዋና ከተማ ሜምፊስ ናት። ከካይሮ ብዙ አትርቅም። ዛሬ ተምርና መንደር ነው የሚታየው። አንድ ትልቅ የኖራ ድንጋይ ራምሴስ ጀርባው ላይ ተኝቶ ቤት ተሠርቶለታል። እግሩ ተሰብሮ ጎድሎ እንኳን 10 ሜትር ገደማ ነው። ፎቅ ላይ ሆናችሁ ቁልቁል ታዩታላችሁ። እንዲህ ቁልቁል ሲታይ ጡንቻው፣ ቀበቶው፣ ከንፈሩ፣ ሁሉም ቅርብ ይሆናል። የድንጋይ ጠራቢዎቹን እጅ የማደንቀው እዚህ ነው።

የኛ ሰው ራምሴስ ሲባል ቶሎ የሚያስበው ኦሪት ዘጸአትን ነው። እስራኤላውያን ሠሩት ከተባሉት ከተሞች አንዷ ራምሴ ናት። መጽሐፉ የፈርዖኑን ስም ስለማይነግረን ሰውየው እሱ ነው ብዬ አልናገርም። ከተማዋ ግን ነበረች። ፒ ራምሴስ ትባል ነበር፤ በምሥራቅ ዴልታ፣ ዛሬ ቃንቲር በሚባለው ስፍራ። ራምሴስ መቀመጫውን ወደዚያ የወሰደው ለሶርያና ለከነዓን መንገድ ስለሚቀርብ ነው። ቁፋሮው የፈረስ በረትና የጦር መሣሪያ መሥሪያ አውጥቷል። አሁን ከመሬት በላይ የቀረ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ የናይል ቅርንጫፍ ሲደርቅባት ድንጋዮቿን አንስተው ታኒስ የምትባል ሌላ ከተማ ሠሩበት። ስለዚህ አለፍኳት።

ማክሰኞ፣ ሉክሶር

ሌሊቱን በባቡር አድሬ ጠዋት ሉክሶር ገባሁ። ቀኑን ተኛሁ። ማታ መብራት ሲበራ ወደ ሉክሶር ቤተ መቅደስ ሄድኩ፤ ሌሊት የሚታይ ቦታ ነው፣ ጎን ለጎን የሚመጣው ብርሃን ቅርጹን ሁሉ ያወጣዋል።

በሩ ላይ አንድ ሾጣጣ ሐውልት ብቻውን ቆሟል። 25 ሜትር ገደማ። መንትያው ፓሪስ ነው፤ የያኔው የግብፅ ገዢ መሐመድ ዓሊ ለፈረንሳይ ሰጥቶት ከ1836 ጀምሮ ኮንኮርድ አደባባይ ላይ ቆሟል። ባዶውን መቆሚያ ሳይ ልቤ አክሱም ሄደ። የኛን በ1937 ጣሊያን ጭኖ ሮም ወሰደው፤ የተመለሰው በ2005፣ ቦታው ላይ የቆመው ደግሞ በ2008 ነው። የኛው ተዘርፎ የሄደ፣ ይሄኛው በገዢ እጅ የተሰጠ ነው፤ ታሪካቸው አይመሳሰልም። ጥንድ ሆኖ የተሠራ ነገር ግማሹን ማየት ግን እኩል ያማል።

ከሾጣጣው ኋላ ያለው ግዙፍ የበር ግንብ ላይ የቃዴስ ጦርነት ተቀርጿል። ይሄን ሳይረዱ ራምሴስን መረዳት አይቻልም፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ዓመቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1274 ነው፤ የነገሠበት 5ኛ ዓመት። ቃዴስ በዛሬዋ ሶርያ ኦሮንቴስ ወንዝ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዛሬዋ ቱርክ መንግሥት የነበራቸው የኬጢያውያን ንጉሥ ሙዋታሊ እዚያ ይጠብቀዋል። ራምሴስ በአማልክት ስም የተሰየሙ አራት ክፍለ ጦሮች ይዞ ወጣ፦ አሙን፣ ሬ፣ ፕታህና ሴት። መንገድ ላይ የተያዙ ሁለት ዘላኖች «ኬጢያውያኑ ገና ሩቅ፣ ሐለብ አካባቢ ናቸው» አሉት። አመናቸው። የቀረውን ጦር ሳይጠብቅ ከፊተኛው ክፍል ጋር ሄዶ ሰፈረ። ሙዋታሊ ግን ከከተማዋ ጀርባ ነበር። ሰረገሎቹ በጉዞ ላይ የነበረውን የሬ ክፍል በተኑት፤ ሰፈሩንም ወረሩት። ንጉሡ ተከበበ። ያዳነው የራሱ መልሶ መዋጋትና ልክ በሰዓቱ የደረሰ ሌላ የግብፅ ጦር ነው። ቃዴስን ሳይዝ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ከተማዋም በኬጢያውያን እጅ ቀረች።

ግድግዳው ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። ሰረገላው ላይ ብቻውን ቆሞ ቀስቱን ስቦ ጠላትን ወደ ወንዙ ይነዳል። ጽሑፉ ወታደሮቹ ጥለውት እንደሸሹ ይወቅሳል፤ ሁለቱን ፈረሶቹን በስም ጠርቶ ያመሰግናል፤ ከእንግዲህ በየቀኑ እፊቱ ሆነው እንዲበሉ ቃል ይገባላቸዋል። ይህንኑ ታሪክ በአምስት ቤተ መቅደሶች አስቀርጿል፦ እዚህ፣ ካርናክ፣ ራምሴየም፣ አቢዶስና አቡ ሲምቤል። ለኔ እንደገባኝ ድል አድርጎ ቢሆን ኖሮ ይሄን ያህል መደጋገም አያስፈልገውም ነበር። ሶርያ ላይ ያላገኘውን እዚህ ቴብስ ላይ፣ በጥንቷ ሉክሶር፣ በመዶሻና በመሮ አገኘው።

የገረመኝ ሌላም አለ። ሐሰት ነው ብዬ ጠቅልዬ ልተወው አልቻልኩም። በኋላ የተያዙ ሁለት የኬጢያውያን ሰላዮች ሲገረፉ ተቀርጿል፤ መታለሉም ተጽፏል፤ ሰፈሩ ሲወረርም ይታያል። አደጋውን ሳይደብቅ፣ እንዲያውም አጉልቶ፣ ያዳነኝ አሙን ነው አለ። ካህናቱ በየቀኑ በሚያልፉበት በር ላይ።

ረቡዕ፣ ካርናክ

በጠዋት ግቡ፤ አውቶቡሶቹ ሳይመጡ። የመጀመሪያው ግቢ መሀል አንድ ረጅም አምድ ብቻውን ቆሞ ታገኛላችሁ። የታሃርቃ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱሳችን ቲርሐቅ የሚለው የኩሽ ንጉሥ። ከራምሴስ ከ500 ዓመት በኋላ ኩሾች ከደቡብ መጥተው ግብፅን ገዝተዋል። የቆሙትም እዚሁ፣ የራምሴስ አዳራሽ ደጃፍ ላይ ነው። ብዙ ጎብኚ ሳያየው ያልፋል፤ እናንተ እንዳታልፉት።

ከዚያ አዳራሹ። 134 አምዶች። የመሀሎቹ 12 አምዶች 21 ሜትር ገደማ ይሆናሉ፣ የቀሩት ወደ 15። የጀመረው አባቱ ቀዳማዊ ሴቲ ነው፣ የጨረሰው ራምሴስ። ልዩነታቸው ግድግዳው ላይ በዓይን ይታያል። ሰሜን በኩል የአባትየው ቅርጽ ከድንጋዩ ከፍ ብሎ የወጣ፣ ለስላሳ፣ የልብሱ እጥፋት እንኳን የሚታይ ነው። ደቡብ በኩል የልጁ ወደ ውስጥ የተቆፈረ ነው፤ አንዳንዱ ጣት ያስገባል። ቆፍሮ መቅረጽ ይፈጥናል፣ ፀሐይ ላይ ጥላው ጎልቶ ይታያል፣ ደግሞ ቀጣዩ ንጉሥ ፍቆ የራሱን ስም ለማስገባት ይቸገራል። ራምሴስ ይሄን ከማንም በላይ ያውቃል፤ የቀደሙ ነገሥታትን ሐውልት ወስዶ የራሱን ስም ያስጻፈ ሰው ነው። በውበት እኔ የአባትየውን እመርጣለሁ፣ ያለምንም ማመንታት።

በስተደቡብ የውጭ ግድግዳ ላይ ደግሞ የሰላም ውሉ አለ። ሰው ስለማይሄድበት ጸጥ ያለ ነው። ከቃዴስ 15 ዓመት በኋላ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1259፣ ራምሴስና የኬጢያውያን ንጉሥ ሐቱሲሊ የተዋዋሉት። አንዱ ሲወረር ሌላው ይደርስለታል፤ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የሸሸ ይመለሳል፣ ሲመለስ ግን እሱም ሚስቱም ልጆቹም አይነኩም፣ ቤቱም አይፈርስም። በአካድ ቋንቋ የተጻፈው የሸክላ ቅጂ ቱርክ ውስጥ፣ በኬጢያውያኑ ዋና ከተማ ተገኝቷል። የግብፁ ቅጂ ሰላም የለመኑት እነሱ ናቸው ይላል፣ የነሱ ደግሞ ግብፆች ናቸው። ውሉ ግን ጸና፤ ራምሴስ እስኪሞት ድረስ ሁለቱ አገሮች አልተዋጉም። ከሠራው ሁሉ ይሄን አብልጬ አከብርለታለሁ።

ሐሙስ፣ ከወንዙ ማዶ

ወደ ምዕራብ ዳርቻ በጀልባ ተሻገርኩ። መድረሻዬ ራምሴየም ነው፤ ከሞቱ በኋላ አምልኮ እንዲደረግለት ያሠራው ቤተ መቅደስ።

ግቢው ውስጥ አንድ ሐውልት ወድቆ ተሰባብሯል። ሙሉ ሳለ ወደ 1,000 ቶን ይገመታል፣ ከአንድ ድንጋይ። የተቆረጠው ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አስዋን ነው። እንዴት መጣ? በወንዙ። ናይል በክረምት ሲሞላ ውሃው ሜዳውን ሁሉ ስለሚሸፍን ከባድ ጭነት እስከ ቤተ መቅደሱ አጠገብ ድረስ ለማምጣት ይመቻል። ያ ሙላት ደግሞ አብዛኛው የኛ ዝናብ ነው፤ በዓባይና በተከዜ የወረደ። ጎጃምና ወሎ ላይ የዘነበ ውሃ ነው የፈርዖንን ድንጋይ የተሸከመው።

ብዙ ሰው ሐውልቱን አይቶ ይመለሳል። እኔ ዋናው ነገር ከኋላ ነው እላለሁ። በጭቃ ጡብ የተሠሩ፣ ጣሪያቸው ጎበጥ ያለ ረጃጅም ክፍሎች ተደርድረዋል፤ ከ3,200 ዓመት በኋላም ቆመዋል። ጎተራ ናቸው። ቤተ መቅደስ ማለት እዚያ ዘመን ጸሎት ቤት ብቻ አይደለም፤ ግብር የሚገባበት፣ እህል የሚከማችበት፣ ደመወዝ የሚወጣበት መሥሪያ ቤት ነው። ገንዘብ በሌለበት አገር እህሉን የያዘ ሠራተኛውን ይይዛል።

ሠራተኞቹ የኖሩበት ዴር ኤል መዲና በእግር ይደረሳል። የነገሥታቱን መቃብር የሚቀርጹና የሚስሉ ሰዎች መንደር ነው። አንድ ተራ ሠራተኛ በወር 4 ጆንያ ስንዴና አንድ ተኩል ጆንያ ገብስ ያገኝ ነበር። በራምሴስ 40ኛ ዓመት የተጻፈ የቀሩ ሠራተኞች መዝገብ እስከ ዛሬ አለ፤ እገሌ ጊንጥ ነደፈው፣ እገሌ ዓይኑን ታመመ፣ እገሌ ቢራ ሲጠምቅ ቀረ፣ እገሌ እናቱን ቀበረ። ይህን መዝገብ እወደዋለሁ። ድንጋዩ ላይ ሁሉን የሠራው ንጉሡ ብቻውን ነው፤ እዚህ ግን የሠሩት ሰዎች በየስማቸው አሉ።

በኋላ፣ በሣልሳዊ ራምሴስ ዘመን፣ የእህል ክፍያው ሲዘገይባቸው መሣሪያቸውን አስቀምጠው ወጡ። በታሪክ ተጽፎ የተገኘ የመጀመሪያው የሥራ ማቆም አድማ ነው። ሄደው ከተቀመጡባቸው ቦታዎች አንዱም ይኸው ራምሴየም ነው። እህሉ የት እንዳለ ያውቁ ነበራ።

ቅዳሜ፣ አስዋን

ጠዋት ግራናይት ካባው። ያላለቀው ሾጣጣ ሐውልት መሬቱ ላይ ተጋድሟል፤ 42 ሜትር ገደማ፣ ሲሰነጠቅ የተተወ። ከራምሴስ በፊት የነበረ ነው፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። ከግራናይት በሚጠነክር ክብ ድንጋይ እየቀጠቀጡ። ብረት የለም። አንዱን ድንጋይ አንስቼ ሞከርኩት፣ ክንዴ ወዲያው ዛለ።

ከሰዓት ከታላቁ ግድብ አጠገብ በጀልባ ወደ አዲሱ ካላብሻ ደሴት ሄድኩ። ቤት ኤል ዋሊ እዚያ አለ፤ ራምሴስ ገና ወጣት ሳለ ያሠራት ትንሽ የዓለት ቤተ መቅደስ። ብቻዬን ነበርኩ።

ግቢው ግድግዳ ላይ የኑቢያ ዘመቻው ተቀርጿል። ባንዱ በኩል ንጉሡ በሰረገላ ይመጣል፤ ሰዎቹ ወደ መንደራቸው ይሸሻሉ። አንዱ ቆስሎ ሁለት ጓደኞቹ ደግፈውታል። አንዲት ሴት ምግብ እያበሰለች ነው። በሌላው በኩል ግብሩ ይቀርባል፦ የወርቅ ቀለበት፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዞጲ፣ የነብር ቆዳ፣ ሰጎን፣ ቀጭኔ። ሁሉም ነገር እዚህ ግድግዳ ላይ አለ፣ ለምን እንደመጡም ጭምር።

ወርቁ በተለይ። የኑቢያ ወርቅ ከዋዲ አላቂ በረሃ ነው የሚወጣው። የራምሴስ 3ኛ ዓመት ጽሑፍ እንደሚለው ወደዚያ ከሚላኩት ወርቅ አጣቢዎች ግማሹ ከነአህዮቻቸው በውሃ ጥም መንገድ ላይ ይሞት ነበር። አባቱ 120 ክንድ አስቆፍሮ ውሃ አጣ፤ እሱ በ12 ክንድ አገኘ ይላል። የተጻፈው ጉድጓዱን ለማወደስ ነው። እኔ ግን ዓይኔ የቀረው የሞቱት ላይ ነው።

እሁድ፣ አቡ ሲምቤል

ሌሊት ተነስተን በሚኒባስ 280 ኪሎ ሜትር በረሃ። ፀሐይ መንገድ ላይ ወጣችብን። ደርሳችሁ ኮረብታውን ከኋላ ዞራችሁ ስትመጡ በመጀመሪያ የምታዩት ሐይቁን ነው። ከዚያ ዘወር ስትሉ አራቱ ተቀምጠዋል።

እያንዳንዱ 20 ሜትር ገደማ ነው። አራቱም ራሱ ናቸው። የአንደኛው ላይኛ አካል በጥንት የመሬት መንቀጥቀጥ ወድቆ እግሩ ሥር ተኝቷል። ላሊበላን ያየ ሰው ዓለት ፈልፍሎ ቤተ መቅደስ መሥራት እንግዳ አይሆንበትም። ላሊበላ ግን ወርዳችሁ የምትገቡበት ነው፤ አጠገቡ እስክትደርሱ አይታይም። ይሄ ወደ ወንዙ ፊቱን አዙሮ፣ ከደቡብ በጀልባ የሚመጣ ሁሉ ከሩቅ እንዲያየው ነው የተሠራው። የጠየቅኩት ጥያቄ መልስ እንደዚህ ግልጽ የሆነበት ቦታ የለም።

መግቢያው ጋ ዝቅ ብላችሁ የዙፋኖቹን ሥር ተመልከቱ። በደቡብ በኩል አንገታቸው በገመድ የታሰረ ጥቁር ምርኮኞች ተንበርክከዋል፤ በሰሜን በኩል ከእስያ የመጡት። ፊታቸው በጥንቃቄ ተሠርቷል፤ ከንፈሩ፣ ፀጉሩ፣ የጆሮ ጌጡ። እዚያ ብዙ ቆምኩ። ሌላው ሰው ሁሉ ከላይ ያሉትን ፎቶ ሲያነሳ እኔ ከታች ያሉትን ነበር የማየው። የኔን አገር ሰዎች የሚመስሉ ፊቶች ናቸውና ዝም ብዬ ላልፋቸው አልቻልኩም።

ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ስምንት ራምሴሶች ምሰሶ ተደግፈው ይቀበሏችኋል። ሰሜኑ ግድግዳ ላይ ያው ቃዴስ። ሶርያ ላይ የሆነውን ለኑቢያ ሰው ምን አደረገለት? ንጉሡ እንደማይሸነፍ ማወቅ አለበት፤ ያ ነው። መጨረሻው ክፍል ውስጥ አራት ተቀምጠዋል፦ ፕታህ፣ አሙን ሬ፣ ራምሴስና ሬ ሆራክቲ። በሕይወት እያለ ከአማልክት ጋር እኩል ወንበር ይዟል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ፌብሩዋሪ 22 እና ኦክቶበር 22፣ የጠዋት ፀሐይ 60 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብታ ታበራላቸዋለች። ፕታህ ብቻ ጨለማ ውስጥ ይቀራል፤ የጨለማው ዓለም ወገን ስለሆነ ነው ይባላል። እኔ የሄድኩት በጥር ነው፤ አላየሁትም።

አጠገቡ የንግሥት ኔፈርታሪ ቤተ መቅደስ አለ። ውጪ ስድስት ሐውልት፣ አራቱ የሱ፣ ሁለቱ የሷ። ቁመታቸው እኩል ነው። ይሄ በግብፅ ብርቅ ነው፤ ትልቁ ቤተ መቅደስ ላይ እንኳን የቤተሰቡ ሴቶች ከጉልበቱ በታች ናቸው። ጽሑፉ ፀሐይ የምትወጣላት ይላታል። በጉዞዬ ሁሉ ትእዛዝ ያልሰማሁበት ድንጋይ ይሄ ነው።

ሁሉም ነገር ዛሬ ያለው ከቀድሞ ቦታው 65 ሜትር ከፍ ብሎ ነው። ግድቡ ሲሠራ ውሃ ሊውጠው ነበር። ከ1964 እስከ 1968 ከ1,000 በላይ ብሎክ ሆኖ ተቆርጦ፣ ወደ ላይ ወጥቶ፣ እንደገና ተገጣጠመ። ብዙ አገር ገንዘብ አዋጣ። መገጣጠሚያውን ካልፈለጉ አይታይም። ድንቅ ሥራ ነው።

ሰኞ፣ አስዋን

የኑቢያ ሙዚየም። መሀል አዳራሹ ላይ አንድ 8 ሜትር ገደማ ራምሴስ አለ፤ ገርፍ ሁሴን ከሚባል ቤተ መቅደስ የመጣ። እሱን ቤተ መቅደስ ያሠራለት የኩሽ እንደራሴው ሴታው ነው። አቡ ሲምቤል ሙሉው ሲድን ገርፍ ሁሴን ግን አብዛኛው ውሃ ውስጥ ቀርቷል።

ማታ ከወንዙ ማዶ ወዳለው የኑቢያውያን መንደር ተሻገርኩ። ጀልባውን የሚነዱት ሽማግሌ ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲያውቁ ሳቅ ብለው «ውሃውን አንተ ነህ የላክኸው» አሉኝ። እሳቸው በልጅነታቸው የተፈናቀሉ ናቸው። ድንጋዩ ወደ ላይ ሲወጣ ሰዉ ወደ ሌላ ቦታ ተጭኖ ሄደ፤ ግብፅ ውስጥ 50,000 ያህሉ ወደ ኮም ኦምቦ፣ ከሱዳን በኩል የዋዲ ሃልፋ ሰዎች ወደ አትባራ ወንዝ ዳር፣ ማለትም ተከዜያችን ወደሚወርድበት። ሽማግሌው ስለ አቡ ሲምቤል ስጠይቃቸው ቤተ መቅደሱ በመዳኑ ደስ እንዳላቸው ነገሩኝ። ከዚያ የመንደራቸውን ስም ነገሩኝ፤ የአያታቸው መቃብር በየት በኩል እንደነበረ፣ ተምሮቹ ስንት እንደነበሩ፣ ቤታቸው ከወንዙ ምን ያህል ይርቅ እንደነበር። ውሃ ለዋጠው ለዚያ መንደር ግን ማንም ብሎክ ቆጥሮ አልገጣጠመለትም፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል፣ ይቆጨኛልም።

የራምሴስ መንገድ እዚህ አያልቅም። ከድንበሩ ማዶ አክሻ የሚባል ቤተ መቅደሱ ነበረ፤ ቦታው ዛሬ ውሃ ውስጥ ነው፣ የተረፈው ወደ ካርቱም ሙዚየም ተወስዷል። ከዚያም የኩሽ አስተዳደር መቀመጫ የነበረችው ከተማ አማራ ዌስት አለች። ሱዳን ሰላም ስትሆን ቀሪውን ከዋዲ ሃልፋ እቀጥላለሁ።